ስድብና ለራስ የሚሰጥ ክብር፦ የእደ ጥበበኛ ልጆች በወላይታ ትምህርት ቤቶች

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በሶዶ ከተማ በገበያ ቀን ማለዳ ወጥቶ ከገጠር የሚተመውን ሕዝብ የሚመለከት ሰው፣ እንስራና ድስት፣ ጀበናና ምጣድ በገለባ ለያይተው በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶችን ማየቱ አይቀርም። ሸክማቸው ከባድ ብቻ ሳይሆን ተሰባሪም ስለሆነ አካሄዳቸው ከሌላው ገበያተኛ ይለያል፤ አይሮጡም፣ አይጋፉም፣ መንገዱን ለሌላው ለቀው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ዳር ዳሩን መሄዳቸው ግን ለሸክላው ከመሳሳት የመጣ ብቻ አይደለም።

በወላይታ ሸክላ ሠሪው ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደጌላ፣ ብረት ቀጥቃጩ ወጋጬ ይባላል። እነዚህ ስሞች ከሙያ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ትውልድ የዘለቀ ልማድ የዘር መለያ፣ ከዚያም አልፎ የስድብ ቃል አድርጓቸዋል። የገበሬው ወገን ከእነዚህ ወገኖች ጋር አይጋባም፤ በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ መሬት አያካፍላቸውም፤ ሲሞቱም ከመቃብሩ ይለያቸው ነበር። በሴቲቱ እጅ ተበጅቶ በእሳት የበሰለው ጀበና ከቤቱ መካከል ሲቀመጥ ሠሪዋ ከደጃፍ አታልፍም። ይህ ልማድ የወላይታ ብቻ አይደለም። በከፋና በዳውሮ፣ በጋሞና በጉራጌም ይኸው ነው፤ በሰሜኑም አገር ቢሆን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ምን ያህል ሲፈሩና ሲናቁ እንደኖሩ ከአድማጮች መካከል የማያውቅ አይገኝም። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ ወገኖች የሚናገረው የጥናት መድበል እንደሚያሳየው፣ ከአንዱ የደቡብ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲኬድ ስሙ ይለዋወጣል እንጂ የመገለሉ ሥርዓት፣ ይኸውም በመሬት፣ በጋብቻ፣ በማዕድና በቀብር የሚደረገው ልዩነት፣ እጅግ ይመሳሰላል።

ባለፉት መቶ ዓመታት በዚህ አጥር ላይ ልዩ ልዩ በሮች ተከፍተዋል። አንደኛው በር የሃይማኖት በር ነው፤ ወንጌል የተሰበከባቸው አብያተ ክርስቲያናት የተናቀውንና የናቀውን በአንድ ጣራ ሥር አስቀምጠዋል፤ ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን ብዙውን ጊዜ አጥሩ እንዳለ ቆይቷል። ሁለተኛው በር በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ መሬት የሌለው እደ ጥበበኛ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ ሕጋዊ መንገድ ከፍቶለታል። ሦስተኛውና ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የተጣለበት በር ትምህርት ቤት ነው። የገበሬው ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት እዚያ ነውና።

አሁን አንድ ተማሪ በሐሳብ ይታይ። ዕድሜው 14 ዓመት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው በሰፈሩ አቅራቢያ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች አብዛኞቹ እንደ እርሱ የሸክላ ሠሪ ልጆች ስለሆኑ እናቱ ምን እንደምትሠራ የሚጠይቀው አልነበረም። ቀጥሎ ያለውን ክፍል ለመማር ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «የማን ልጅ ነህ? ከየትኛው ጎሣ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው በወላይታ ምድር የተለመደ የትውውቅ ጥያቄ ነው፤ ለአብዛኞቹ ልጆች ወዳጅነት የሚጀምርበት ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን የክስ ቃል ይሆንበታል። የሰፈሩን ስም ሲናገር ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሙ የሚጠራው መምህሩ ብቻ ይሆናል።

ስድቡ ሁልጊዜ በጩኸት አይነገርም። አንዱ ተማሪ እርሱ በጠጣበት ቧንቧ ከመጠጣቱ በፊት ቧንቧውን በእጅጌው ይወለውላል። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ደብተሩን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይሸሻል። ለኳስ ጨዋታ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ ላይ ይቀራል። እናቱ ሸክላ ተሸክማ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስታልፍ ከኋላ ያሉት ልጆች የድስት ድምፅ ለማስመሰል ዴስካቸውን በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ክፍሉ ይስቃል። መምህሩ ወይ አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ወር ሁለት ወር ሲቆይ ልጁ እጁን አውጥቶ መመለስ ይተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ይለውጣል። የሚሸሸው ሰዳቢዎቹን አይደለም፤ እናቱን ነው።

ይህ ጉዳይ ለመምህራን ወይም ለሥነ ልቡና ሊቃውንት ጉባኤ እንጂ ለመሐንዲሶች ስብሰባ ምኑ ነው የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሱ ሩቅ አይደለም። የዚህ ልጅ እናት ስለ አፈርና ስለ እሳት፣ የጓደኛው አባት ስለ ብረት የሚያውቁት እውቀት የምሕንድስና ጥንተ መሠረት ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ «መሐንዲስ» መባል ማዕረግ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያው እውቀት የተወለደው «ቀጥቃጭ» የሚለው ስም በትምህርት ቤት ግቢ የልጅ ቅስም መስበሪያ የሚሆንበትን ምክንያት ይህ ማኅበር ካልመረመረው ሌላ ማን ሊመረምረው እንደሚችል መገመት ያዳግታል።

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ እንዲያውም ሀብቱ ያስቸግራል። ማሽሟጠጥ፣ ማንጓጠጥ፣ ማላገጥ፣ መብጠልጠል፣ መዘባበት፣ መተንኮስ፣ ማሳጣት፣ ማግለል እያለ እያንዳንዱን የክፋት ዓይነት ለይቶ ይጠራል፤ ሁሉንም በአንድ የሚያጠቃልል ቃል ግን አላበጀም። ምናልባትም እነዚህ ነገሮች በተናጠል ሲታዩ ቀልድ ስለሚመስሉ ይሆናል። ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬውስ በኖርዌይ አገር ባደረገው ረጅም ምርምር ነገሩን ከቀልድ የሚለዩ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል፤ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል ልዩነት መኖሩ። ሦስተኛው ምልክት በወላይታ ልዩ መልክ አለው። በሌላ አገር የኃይል ልዩነት ሲባል የጡንቻ ወይም የቁጥር ብልጫ ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ቀጭኑና ትንሹ የገበሬ ልጅ ረጅሙንና ጠንካራውን የቀጥቃጭ ልጅ በአንድ ቃል ሊያንበረክከው ይችላል፤ ምክንያቱም ቃሉ የእርሱ አይደለም፤ ከአያቶቹ በውርስ ያገኘው ነው።

ለራስ የሚሰጥ ክብር የሚባለው ነገርስ ምንድን ነው? አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ከ5,000 የሚበልጡ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መርምሮ፣ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትን ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ አቅርቧል። ሮዘንበርግ የሚለካው ሰው ከሌላው እበልጣለሁ ብሎ ማሰቡን አይደለም፤ «እኔ እንደ ማንኛውም ሰው ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ» ብሎ በውስጡ ማመኑን ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ሮዘንበርግና ሮበርታ ሲመንስ በባልቲሞር ከተማ ያካሄዱት ጥናት በተለይ ለወላይታው ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል። በዘመኑ ብዙ ሰው የተናቀ ወገን ልጅ ራሱን መናቁ አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። ጥናቱ ግን የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ክብር ከነጮቹ ልጆች እንደማያንስ አሳየ። ምክንያቱ ልጅ ራሱን የሚመዝነው በሩቅ ባለው ዓለም ሚዛን ሳይሆን በቤተሰቡ፣ በጎረቤቱና በመሰሎቹ ዓይን መሆኑ ነው። በአንጻሩ የጥቁሮቹ ልጆች ነጮች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ገብተው ብቻቸውን ሲቀሩ ክብራቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በተጨማሪም ልጆች ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ክፉኛ የሚናወጠው ወደ 12 እና 13 ዓመት ገደማ፣ በተለይም ከትንሹ ትምህርት ቤት ወደ ትልቁ በሚዛወሩበት ጊዜ መሆኑ ታይቷል።

እንግዲህ ከላይ በሐሳብ የታየው ልጅ በሰፈሩ ሳለ ራሱን አልናቀም ነበር ማለት ነው። እናቱ በልጆቹ ዘንድ ባለሙያ ነበረች፤ የማንኛዋ ድስት ቶሎ እንደሚሰነጠቅ፣ የማንኛዋ እንደሚበረክት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው በአጥሩ ውስጥ ሳለ አይደለም፤ በሩ በተከፈተለት ጊዜ ነው። በሩን የከፈተ ግን በመግቢያው ላይ ምን እንደሚጠብቀው አላሰበለትም። ይህን መናገር ትምህርት ቤትን መውቀስ ሊመስል ይችላል። ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፤ የተለያዩ ወገኖችን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን እኩልነትን አያመጣም፤ አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ ያልነበረ ቁስል ይከፍታል።

ቁስሉ ከትምህርት ቤት ዘመን ጋር አብሮ አያልፍም። «ያንግ ላይቭስ» በሚባለው በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም በተካሄደ የረጅም ጊዜ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ፣ በ15 ዓመታቸው በእኩዮቻቸው የተጠቁ ልጆች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለራሳቸው በሚሰጡት ክብርና በችሎታቸው ላይ ባላቸው እምነት ከሌሎቹ አንሰው ተገኝተዋል። በአራቱም አገሮች ከድብደባ ይልቅ የበዛው በማዋረድና በማግለል የሚደረገው ስውር ጥቃት ነው፤ በኢትዮጵያ ከመቶ 15 ልጆች ይህ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ድህነትም ለጥቃት ያጋልጣል። በዚህ ረገድ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ችግር ድርብ ነው፤ የፕላስቲክ ጀሪካንና የአሉሚኒየም ድስት ገበያውን ከወረሩት ወዲህ እናቱ የምታገኘው ገንዘብ ስለቀነሰ፣ የተቀደደ ጫማውና የእናቱ ሙያ በአንድነት ይመሰክሩበታል።

ስለ ሰዳቢውስ ምን ይባላል? በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደው አስተያየት ሰዳቢ ልጅ ራሱ የተዋረደ፣ በውስጡ የሚፈራ፣ የጎደለውን ክብር በሌላው ላይ ለመሙላት የሚጥር ምስኪን ነው የሚል ነው። አስተያየቱ ደግነት አለው፤ ማስረጃ ግን ብዙም አይደግፈውም። ኦልቬውስ በሰሜን አውሮፓ ያጠናቸው አጥቂ ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ የሚፈሩ ወይም ራሳቸውን የሚንቁ ሆነው አልተገኙም። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ሰፊ ግምገማ፣ ለጥቃት የሚቸኩለው ለራሱ ከፍ ያለ ግምት ኖሮት ያ ግምት የተነካበት ሰው መሆኑን አመልክተዋል። የገበሬው ልጅ ሸክላ ሠሪውን የሚሰድበው ሸክላ ሠሪው ደካማ በሆነ ጊዜ አይደለም፤ በፈተና በበለጠው ጊዜ ነው። ከሁሉም ይልቅ ለራሳቸው የሚሰጡት ክብር ዝቅ ብሎ የሚገኘው ደግሞ በአንዱ ዘንድ ተሰድበው በሌላው ላይ የሚዞሩት ናቸው።

እነዚህን ለማየት ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ መከተል ይበቃል። በዋና ከተማው ጎዳናዎች ጫማ እየጠረጉ፣ ሎተሪ እያዞሩ፣ ሸክም እየተሸከሙ የሚኖሩና ማታ ማታ የሚማሩ ብዙ ወጣቶች ከወላይታ የሄዱ ናቸው። እነዚህ ወጣቶች ገና ታዳጊዎች ሳሉ በአነጋገር ቅላፄያቸው ይቀለድባቸዋል፤ ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበት፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከመንግሥት ጽሕፈት በወጣው አሮጌ ስም የሚሰድባቸውም አይታጣም። በሶዶ ገበያ ሸክላ ሠሪዋን ከደጃፍ ሲመልስ ያደገው የገበሬ ልጅ አዲስ አበባ ሲደርስ እርሱ ራሱ ከደጃፍ ይመለሳል። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ያለፈውን ሁሉ መልሶ ያስብና ልቡ ይለዝባል። ሌላው ግን ለበዓል ወደ አገሩ ሲመለስ ያጣውን ክብር ከጭናሻው ልጅ ላይ ለማስመለስ ይሞክራል። ስድብ እንደ ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ከታች የሚቀበለው ሰው ግን የሚያወርድበት ቦታ የለውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥንቃቄ አለ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ለራስ የሚሰጥን ክብር የሚያስፋፋ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ይህ ክብር ከፍ ቢል ወንጀልም፣ ሱሰኝነትም፣ የትምህርት ድክመትም ይቀንሳል የሚል ታላቅ ተስፋ ጥሎ ነበር። ሊቃውንት ነገሩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ዝምድናው የተጠበቀውን ያህል የጠነከረ ሆኖ እንዳልተገኘ ገልጿል። ልጅን ያለ ምክንያት እያመሰገኑ «አንተ ልዩ ነህ» ማለት ለሰዳቢው ትዕቢቱን ይጨምርለታል፤ ለተሰዳቢው ደግሞ ባዶ ቃል ይሆንበታል። የ14 ዓመት ልጅ የውዳሴን ክብደት መመዘን የማይችል መስሎ የሚታየው ለአዋቂዎች ብቻ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ውዳሴ ሳይሆን ማስረጃ ነው።

ማስረጃውን ለማቅረብ በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያውን ጉልህ ሙከራ ያደረጉት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያሉ በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ሠራተኛን የሰደበ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና ደግሞ የተገኘም በአንድ ዓመት እስራት እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። ለዚህ ማኅበር አባላት ግን ከቅጣቱ ይልቅ የአዋጁ ምክንያት ሊያስገርም ይገባል። አዋጁ በአውሮፓ አገር በእጁ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ እንደሚመሰገን፣ በእኛ አገር ግን ያው ሰው እንደሚሰደብ ያነጻጽራል። መሐንዲስ የሚለው ቃል እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት በአዋጅ ሲነገር ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪው ጋር አንድ ወገን ሆኖ ነበር። ሁለቱን የለያያቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ነው። የተማረው ሰው መሐንዲስነቱን ይዞ ወደ ቢሮ ሲገባ ስድቡን ለቀጥቃጩ ትቶለት ሄደ።

አዋጁ ያሰበውን ያህል አልሠራም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ እኩልነት፣ ስለ ሰው ክብርና መልካም ስም፣ ልጆችም በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ስለ መጠበቃቸው በግልጽ ደንግጓል፤ ድንጋጌው ግን ገና ዴስክ እስከሚያንኳኳው ጣት ድረስ አልወረደም። ሕግ የሚቀጣው አዋቂን ነው፤ በክፍል ውስጥ የሚሰድበው ግን የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚስቁት ደግሞ 50 ናቸው። 50 ሰው ሲስቅ ማን ይታሠራል?

መልሱ የሚገኘው በሚስቁት ዘንድ ነው። የፊንላንዷ ተመራማሪ ክሪስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት በእንዲህ ያለ ጥቃት ውስጥ አጥቂና ተጠቂ ብቻ የሉም፤ አጥቂውን የሚያግዝ፣ በሳቅ የሚያበረታታ፣ ዞር ብሎ የሚሄድ፣ ለተጠቂው የሚቆምም አለ። አጥቂው የሚፈልገው የተጠቂውን ዕንባ ሳይሆን የተመልካቹን ሳቅ ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ላይ ሦስት ልጆች ራሳቸውን በማጥፋታቸውና ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን እንዳልቀረ በመታመኑ፣ በማግሥቱ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ኦልቬውስ በበርገን ከተማ 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትሎ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቃቱ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ ዘግቧል። መሣሪያው ውድ አልነበረም፤ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ የሚዘዋወሩ መምህራን፣ ተማሪዎች ራሳቸው የተወያዩበት የክፍል ደንብ፣ ጥቃት ሲታይ እንዳልታየ የማያልፍ አዋቂ። ይህን በሶዶ ለማድረግ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ነገር ግን ኖርዌይ ውስጥ የሌለ፣ ወላይታ ውስጥ ያለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ራሱ ሙያው ነው። የሚሰደበው ሙያ እውቀት መሆኑ በክፍል ውስጥ እስካልታየ ድረስ የትኛውም ደንብ ስድቡን ያፍነዋል እንጂ አያደርቀውም።

አንድ ድስት ይታይ። ሸክላ ሠሪዋ ከወንዝ ዳር ያመጣችውን ጭቃ ብቻውን አትጠቀምም፤ ንጹሕ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እሳት ሲያገኘውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸዋ ወይም የተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ትቀላቅልበታለች። በውስጡ የተበተኑት እንክብሎች ስንጥቅ ሲጀምር መንገዱን ይዘጉበታል፤ በመካከላቸው የሚቀሩት ቀዳዳዎችም በጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሳያፈነዳው እንዲወጣ ያደርጋሉ። ዘመናዊው የቁሳቁስ ምሕንድስና ስንጥቅን በተበተነ እንክብል ስለ መግታት የሚያስተምረው ከዚህ የተለየ መሠረተ ሐሳብ የለውም። የድስቷ ቂጥ ክብ የሆነው ለውበት አይደለም፤ ማዕዘን ያለው ዕቃ ሙቀት ሲያገኘው ጭንቀቱ በማዕዘኑ ላይ ይከማቻልና ከዚያ ይሰነጠቃል። መንኮራኩር ሳይኖራት ግድግዳውን ዙሪያውን በእኩል ውፍረት የምታወጣው ጣቷን እንደ መለኪያ ተጠቅማ ነው፤ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ አንዱ ወገን ቀድሞ ይደርቅና ይጣመማል። ከዚያም በሜዳ ላይ በገለባ፣ በእንጨትና በኩበት ታነድዳለች። በእንዲህ ያለ ክፍት እሳት ሙቀቱ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ቴርሞሜትሯ ዓይኗ ነው፤ የፍሙን ቀለም ታያለች። በፋብሪካ ምድጃ ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣና እንዲወርድ ይደረጋል፤ የእርሷ ድስት ግን የሜዳውን ድንገተኛ እሳት ችሎ ይወጣል፤ ወደፊትም በየቀኑ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ይኖራል።

ስለ ቀጥቃጩም፣ ብረትን አግሎ ውሃ ውስጥ በመንከር ስለሚያጠነክርበት ጥበብ፣ ስለ ቆዳ ፋቂውም ይህን የመሰለ ብዙ መናገር ይቻላል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኮንሶና በጋሞ፣ ከድንጋይ በተጠረበ መፋቂያ የሚሠሩትን ፋቂዎች ለማጥናት የጥንት ዘመን ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር መምጣታቸው የሚታወቅ ነው። ጎረቤት የናቀውን እንግዳ ከባሕር ማዶ መጥቶ በደብተሩ ይመዘግበዋል፤ ይህ ደግሞ በራሱ ቅር የሚያሰኝ ነው።

እንግዲህ ማኅበሩ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቀላል ነው፤ አደጋም አለበት። ቀላልነቱ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በሶዶና በዙሪያዋ የሚሠሩ አባላት፣ በዚያው ካለው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሆነው፣ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚመራ ባለሙያ ወደ ትምህርት ቤት ሊጋብዙ ይችላሉ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስትለውስ መሐንዲሱ ከጎኗ ቆሞ እርሷ የምታደርገው ለምን እንደሚሠራ በሒሳብና በፊዚክስ ያስረዳል፤ ለመጣችበትም እንደ ማንኛውም አስተማሪ አበል ይከፈላታል።

አደጋው፦ ይህ ነገር ሳይታሰብበት ከተደረገ ለመርዳት የተፈለገውን ልጅ ይበልጥ ያጋልጠዋል። «ዛሬ የእገሌ እናት ትመጣለች» ከተባለ፣ ያን ዕለት ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ደግሞም ትክክል ነው። ስለዚህ የምትጋበዘው ሴት ከሌላ ወረዳ ብትሆን ይሻላል። ሸክላ ሠሪዋም ብቻዋን መምጣት የለባትም፤ በተከታታይ ሳምንታት ገበሬው ስለ እርከን፣ ግንበኛው ስለ ግንብ፣ የእንሰት ባለሙያዋ እናት ቆጮ ስለሚብላላበት መንገድ፣ ኤሌክትሪሲያኑ ስለ ሽቦ ይምጡ፤ እርሷም ከእነርሱ መካከል አንዷ ትሁን። ልጆቹ ስለ ንቀት እንዲሰበኩ ሳይሆን ስለ ስንጥቅ እንዲፈተኑ ይደረግ። ፈተናው ላይ «ድስት ሲሠራ ለምን አሸዋ ይጨመራል?» የሚል ጥያቄ ቢወጣ፣ መልሱን ያለ ጥናት የሚያውቅ አንድ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ይኖራል። እጁን ያውጣ አያውጣ የእርሱ ፈንታ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ማን ምን እንደሚያውቅ ሁሉም ያያል።

አንድ ነገር ገና ይቀራል፤ እርሱም ከክፍሉ በፊት የሚደረግ ነው። የተጋበዘችው ባለሙያ ጠዋት ስትደርስ ደወሉ እስኪደወል የምትቆየው በመምህራን ክፍል ነው። እዚያ ቡና ይፈላል። ቡናው የሚፈላው እርሷ ወይም መሰሏ በሠራችው ጀበና ነው። የሚቀርብላት ሲኒ ለሌሎቹ መምህራን ከሚቀርበው ሲኒ ጋር በአንድ ረከቦት ላይ መሆን አለበት፤ እርሷ ጠጥታ ስትመልሰውም ታጥቦ ለቀጣዩ መምህር ይቀዳበታል። ይህን የሚያዩት ተማሪዎቹ አይደሉም፤ በሩ ዝግ ነው። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ክፍለ ጊዜ ዝግጁ መሆኑና አለመሆኑ ግን የሚታወቀው እዚያ ነው። ካልሆነም ዝግጅቱን ለሌላ ዓመት ማቆየት ይሻላል።